የያፌት አያያዝ

በደብረ ብርሃን ሦስተኛው የአርባ ቤት ውስጥ፣ ሰው ሲሞት ፋይሉን የምናይ አሥራ አራት ሠራተኞች ነን። ቃኚ ይሉናል። ሥራው ቀላል ነው። ሟቹ በዕድሜ ልኩ ያከማቸው ፎቶ፣ ድምፅ፣ ቪዲዮና ደብዳቤ ሁሉ በአንድ መስመር ተሰልፎ ይመጣል፤ እያንዳንዱን በቅድመ እይታ ሦስት ሰከንድ እናየዋለን፤ ከዚያ ወይ ይቀራል ወይ ይወርዳል። የሚቀረው አርባ ፋይል ነው። ሌላው ይወርዳል። "ጠፋ" አንልም፤ ቤተሰብ ፊት "ጠፋ" ማለት ክልክል ነው።

ለምን አርባ እንደሆነ አሁን የሚጠይቅ የለም። ድሮ በአርባኛው ቀን ተዝካር ይወጣ ስለነበር ሕጉን ያወጡት ሰዎች ቁጥሩን ከዚያ የወሰዱት ይመስለኛል፤ የለመዱት ቁጥር አያስደነግጥም። በአርባኛው ቀን ቤተሰቡ የክብሪት ቀፎ የምታክል ሣጥን ይረከባል። ጎረቤት "አርባዋ ሞላች?" ብሎ ይጠይቃል። "ሞላች፣ እግዜር ይመስገን" ይባላል። ሌላው ፋይል ሁሉ ከሚከማችበት መጋዘን ይወርዳል፤ መጋዘኑን ያቀዘቅዝ የነበረው ውሃ ለከተማው ይለቀቃል። ጠዋት ጠዋት ሬዲዮው ትናንት ስንት ሚሊዮን ፋይል እንደወረደና ስንት ሊትር እንደተለቀቀ ይነግረናል። እኛ ሰፈር ውሃ በአሥራ ዘጠኝ ቀን አንዴ ይመጣል። ምክንያቱን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል፤ ስለዚህ የሚቆጣ ሰው የለም።

ያፌት እባላለሁ። ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው። የእኛ ዘመን ስሞች የሽማግሌ ስሞች ሆነዋል፤ ያፌት፣ ባስልኤል፣ ኤፍራታ ሲባል አሁን ለሰው የሚታየው ምርኩዝ ነው። ወጣቶቹ ተዋበች፣ አምሳለ፣ ዘርጋው ይባላሉ። ኤፍራታ ባለቤቴ ናት። ነበረች።

በሕይወቴ አንድ ነገር ፈጥሬአለሁ፤ እሱኑ ልንገራችሁ።

በፊት አንድ ፋይል ለመጨረስ አራት ጊዜ መንካት ነበረብን። ረጅሙን ቁልፍ ስትጫነው ቅድመ እይታው ይከፈታል፤ እንደገና ስትጫነው ይዘጋል፤ የመጣያውን ቁልፍ ትነካለህ፤ ማሽኑ "እርግጠኛ ነዎት?" ይልሃል፤ "አዎ" ትለዋለህ። በቀን ሦስት ሺህ ጊዜ "እርግጠኛ ነዎት?" መባል ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። እኔ በሠርጌ ቀን እንኳ አንዴ ነው የተጠየቅኩት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሴቲንጉን ከፈትኩና አቋራጮቹን በሙሉ አፈረስኳቸው፤ በራሴ መንገድ ሠራኋቸው። ረጅሙ ቁልፍ በአውራ ጣት እንደተያዘ ፋይሉ ይታያል፤ ጣትህን ስታነሣ ፋይሉ ይወርድና ቀጣዩ ይመጣል። ማስቀረት ከፈለግክ አውራ ጣትህን ሳታነሣ በግራ እጅህ "ሀ"ን ትነካለህ። በቃ። ጥያቄ የለም። የተጣለ ፋይል ሠላሳ ቀን የሚቆይበት ቅርጫት ነበረ፤ እሱም ቦታ ይበላል ብዬ ዘጋሁት። ፋይል ተይዞ ሳለ ሴቲንጉ እንዳይከፈትም አደረግኩ፤ የሰው ክርን እየነካው ሁሉ ነገር ይዘበራረቅብን ነበራ። ምን ቀረ? ምንም አልቀረም። ሁሉን አስቤበታለሁ።

የአንዱ ቃኚ የቀን ሥራ ከሦስት ሺህ ወደ ዘጠኝ ሺህ ወጣ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች መጡ፤ እጄን ከላይም ከጎንም ቀረጹ፤ "የያፌት አያያዝ" ብለው በየቅርንጫፉ አሠራጩት። የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። ኤፍራታ ወረቀቱን ገልብጣ አየችና "ጣትህን ነው እንጂ አንተን አላመሰገኑም" አለችኝ። ግድግዳው ላይ የሰቀለችው ግን እሷ ነች።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት አውራ ጣቴን ስጭንና ሳነሣ ኖርኩ። ማታ እጄን ትከሻዋ ላይ ጥዬ ስተኛ ጣቴ በእንቅልፌ ትሠራለች አሉ። "ትናንት በኔ ትከሻ ስንት ሰው አወረድክ?" ትለኛለች ጠዋት። እስቃለሁ። ዓይኔም ከጣቴ ጋር ለመደ። መጽሐፍ ስይዝ የመጀመሪያውን መስመር አነብና እገልጣለሁ። ልጄ ይመኙሻል የሠርግ ቪዲዮዋን ስታሳየኝ "ቆንጆ ነው" ብዬ የተነሣሁት ሙሽሪት ከቤት ሳትወጣ ነው። በዚህ የተነሣ ስድስት ወር አኩርፋኝ ነበር፤ እውነቷን ነው።

ኤፍራታ ደግሞ ወሬ የምትጀምረው ቀስ ብላ ነው። ትቀመጣለች፤ ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፤ ከዚያ "እሺ… እሺ" ትላለች። ያኔ እኔ "ቆይ አንዴ" ብዬ ተነሥቻለሁ። አንድ የአውቶቡስ ታሪክ ነበራት። ከደሴ ስትመጣ አንድ ሽማግሌ አጠገቧ ተቀመጡ። ሠላሳ አራት ዓመት በትዳር ስንኖር ታሪኩ ከዚያ አልፎ አያውቅም። አንዳንዴ እንግዳ ይመጣል፤ አንዳንዴ ስልክ ይጠራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን እኔ ነኝ።

አምና በግንቦት ጉሮሮዋ ላይ ዕጢ ወጣ። ሐኪሞቹ ካላወጣነው አሉ፤ ከዕጢው ጋር ድምፅዋንም አወጡት። አራት ወር ሙሉ በልጆች ሰሌዳ ላይ እየጻፈች ነው ያነጋገረችኝ። ከሆስፒታል በተመለሰች በሦስተኛው ቀን እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "ከቀዶ ጥገናው በፊት አንድ ነገር ቀድቼልሃለሁ። ስም አልሰጠሁትም። እስከ መጨረሻው ስማው።"

"የት ነው ያለው?" አልኳት።

"ፈልገው። ሥራህ አይደል?" ብላ ጻፈች፤ ያለ ድምፅ ሳቀች።

አልፈለግኩትም። አትፍረዱብኝ። ፍረዱብኝ፣ ምን አገባኝ! እሷ ራሷ አጠገቤ ተቀምጣ እያየችኝ ድምፅዋን መፈለግ አልታየኝም። ነገ እሰማዋለሁ አልኩ። ቆይ አንዴ አልኩ። ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ከምሳ በኋላ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ሞተች፤ ሰሌዳው ጭኗ ላይ ነበር፤ ባዶ።

ይመኙሻል ከባሕር ዳር መጣች፤ ቀበርን፤ ሰው ተቀበልን። ስትመለስ አቅፋኝ፣ "አባዬ፣ ሠላሳ ዘጠኙን እኔ ልምረጥ። አንዷ ያንተ ትሁን፤ እማዬ ያለችህን ፈልግ" አለችኝ። ሠላሳ ዘጠኙን ከዚያው ሆና መረጠች፤ ታተሙ። የታተመ አይፈታም፤ ሕጉ ነው። የቀረችኝ አንዲት ቦታ ነች። ፋይሉ ሃምሳ ሁለት ሺህ ነው።

ዘመድ የራሱን ሟች መስመር በቤተሰብ ሰዓት ማየት ይፈቀድለታል፤ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ አንድ፣ በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ። አርባው ቀን ሲያልቅ ያልታየው በጅምላ ይወርዳል። የቤተሰብ ጠረጴዛ የሚሠራው በነባሩ ሴቲንግ ነው፤ "እርግጠኛ ነዎት?" ከሚለው ጋር፣ ከቅርጫቱ ጋር። በመጀመሪያው ቀን ልቀመጥ ስል አምሳለ መጣች። አምሳለ አጠገቤ የምትሠራ ቃኚ ናት፤ የሁለት ልጆች እናት፤ አያያዙን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

"ጋሽ ያፌት፣ በነባሩ ቢሠሩ ይሻላል" አለችኝ።

"ለምን?"

"እንዲያው። የራስ ሰው ነው። እጅ ይሳሳታል።"

"የኔ እጅ?" አልኳት። ተቆጣሁ እንዴ? ተቆጥቻለሁ። "በነባሩ ብሠራ ሃምሳ ሁለት ሺህ ፋይል በአርባ ቀን ቀርቶ በዓመትም አያልቅልኝ። ደግሞ እጄ አይለምደውም። የኔን ጫኚልኝ።"

ጫነችልኝ።

እንግዲህ በየቀኑ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሚስቴን ሦስት ሦስት ሰከንድ አየኋት። ኤፍራታ በሃያ ዓመቷ ፀጉሯን ስትሠራ። ኤፍራታ የተቃጠለ ድስት ፎቶ አንሥታ፣ ለማን እንደላከችው እንጃ። ኤፍራታ ለእህቷ "አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬም አልደወልሽም!" ስትል። የኔ ጀርባ። የኔ ጀርባ በሩ ላይ፣ የኔ ጀርባ መኪና ውስጥ፣ የኔ ጀርባ ባሕር ዳር፤ ይህን ያህል ጊዜ ከኋላዬ ሆና እንዳነሣችኝ አላውቅም ነበር። ጣቴ ትነሣለች፤ ይወርዳል። የምፈልገው ድምፅ ስለሆነ ድምፅ ሲመጣ ጆሮዬን አቆማለሁ። "እሺ… እሺ" እስኪል። አላለም። ሦስት ሰከንድ ዝም ያለ ድምፅ ሲመጣ ደግሞ የለመድኩትን አደረግኩ። ለአዲስ ቃኚዎች የማስተምረው ይህንኑ ነው፤ ሦስት ሰከንድ ዝም ያለ ፋይል ባዶ ነው፤ ኪስ ውስጥ ተነክቶ የተቀዳ ነው፤ አውርደው።

በሠላሳኛው ቀን ፈራሁ። በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ይመኙሻል ደወለች።

"አባዬ፣ አገኘኸው?"

"ገና ነኝ።"

"አትቸኩል እሺ?"

"አልቸኩልም" አልኳት።

አርባኛው ቀን ሐሙስ ነበር። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ አላገኘሁትም። መስመሩ ላይ የቀረው ሦስት መቶ ምናምን ፋይል ነው፤ አብዛኛው የሱቅ ዝርዝር ፎቶ ነው። ያን ጊዜ አንዲት የአሥራ አራት ሰከንድ ድምፅ መጣች። ኤፍራታ ከግቢ እየጮኸች ነው። "ያፌት! ውሃ መጣ! ኧረ ያፌት!" ባልዲው ሲንኳኳ ይሰማል። ስልኳ በስሕተት ነው የቀዳው። እሷ ናት፤ ጤነኛ ሆና፣ ጉሮሮዋ ሙሉ ሆኖ። አልቻልኩም። ያለችኝን ፋይል አላገኘሁም፤ ምናልባት ባዶ መስሎኝ አውርጄው ይሆናል ብዬ ካሰብኩ ሰነባብቻለሁ። ስለዚህ ግራ እጄን ሰድጄ "ሀ"ን ነካሁ። ታተመች። አርባው ሞላ።

የቀረውን ትቼ መሄድ እችል ነበር፤ በአሥራ አንድ ሰዓት በራሱ ይወርዳል። ግን ሚስቴን በጅምላ አላሰናብትም አልኩ። እያንዳንዱን ዓይቼ ልሸኝ ብዬ ቀጠልኩ።

አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ አምሳለ መጣችና ከኋላዬ ቆመች።

"ሞላች?" አለችኝ በቀስታ።

ዞርኩ። አውራ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። "ሞላች" አልኳት።

"ያሉትን አገኙት?"

"አላገኘሁትም። ውሃ መጣ ስትል የቀዳችውን አስቀረሁ።"

"እሱም እሷው ናት" አለችኝ። "እግዜር ያጥናዎት። ሻይ ላምጣልዎት?"

"ተይው፣ ልጨርስ" አልኳት።

ያን ጊዜ ከማሽኑ ውስጥ፣ ከኋላዬ፣ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ።

"እሺ… እሺ።"

አምሳለ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጣቴን አየሁት፤ እንደተጫነ ነው። ስናወራ ሳላነሣው ቀርቼ ነው።

"ያፌት፣ እየሰማህ ከሆነ ጉድ ነው" አለች ኤፍራታ። "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ዝም ብዬ የቆየሁት ሆን ብዬ ነው። ጣትህን አውቃታለሁ፤ ሦስት ስትቆጥር ትነሣለች፤ ትከሻዬ ምስክር ነው። ስለዚህ እስከ ሃያ ቆጠርኩ። ሃያውን አልፈህ ከመጣህ ጠብቀኸኛል ማለት ነው። ካላለፍክም አልቀየምህም። ከማን ጋር ነው የምቀያየመው?"

አልጠበቅኳትም። እዚህ ላይ መዋሸት አልችልም። ከአምሳለ ጋር ሳወራ ነው ሃያው ያለፈው።

ግራ እጄ በራሱ ሄዶ "ሀ"ን ነካ። ማሽኑ በቀይ "አርባው ሞልቷል" አለ። እንደገና ነካሁ። እንደገና፣ እንደገና። አምሳለ ጎንበስ ብላ ሴቲንጉን ልትከፍት ሞከረች። አይከፈትም፤ ፋይል ተይዟላ።

"ማን ነው እንዲህ የዘጋው?" አለች፣ ተናዳ። ወዲያው አስታወሰች። ቀና ብላ አላየችኝም።

ስልክ በር ላይ ነው የሚቀረው፤ ቢገባም የሟች ድምፅ አይቀዳም፤ ድምፁን ሲሰማ በራሱ ይዘጋል። አምሳለ ሮጣ የቅርንጫፉን ኃላፊ ወይዘሮ ተዋበችን ጠራቻት። ተዋበች ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሥርዓት ታውቃለች፣ ልብም አላት። ነገሩን ስታይ ፊቷ ተለወጠ፤ በቢሮው መስመር ዋናውን መሥሪያ ቤት ደወለች። ከወዲያ ያለው ሰውዬ የሚለው ለኔም ይሰማኝ ነበር።

"በምን ሴቲንግ ነው የተያዘው?"

"በያፌት አያያዝ።"

"እሱማ እኛም አንነካውም። የሠራው ሰው እዚያው እናንተ ጋ አይደል? እሱን ጠይቁት።"

ተዋበች ስልኩን አስቀመጠች። "ጋሽ ያፌት…" አለች።

"ዝም በሉ" አልኳቸው። "እየሰማሁ ነው።"

የሁለቱም እንባ ይወርዳል። እኔ እየሰማሁ ነበር። ፋይሉ ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው። ሰው ሃያ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም፤ በሥራም በቤትም።

ስም ያልሰጠችው፣ ስም ብትሰጠው ስሙን አይቼ "ኋላ እሰማዋለሁ" ስለምል ነው አለች። የቆጥ ሣጥኑ ቁልፍ ያለው በአሮጌው ጫማ ውስጥ ነው አለች። ይመኙሻልን በሠርጉ ጉዳይ ይቅርታ እንድጠይቃት፣ ቪዲዮውንም ቁጭ ብዬ እንዳየው ነገረችኝ። ቀጥላ ሳቀች፤ ያን ሳቋን ረስቼው ነበር፤ መጨረሻው ላይ አየር ወደ ውስጥ የምትስበውን።

"አሁን የአውቶቡሷን ነገር ልጨርስልህ" አለች። "ዛሬ አታመልጠኝም። ከደሴ ተነሣን። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀመጡ፤ እስከዚህ ታውቃለህ። ከሚሴን ሳናልፍ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ራሳቸው ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ከባድ ራስ ነበር፣ ያፌት! ብንቀሳቀስ ይነቃሉ አልኩ። ሸዋሮቢት ሰው ወረደ፣ እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ጣርማበርን ስንወጣ ትከሻዬ የኔ አልመስል አለኝ። አልተንቀሳቀስኩም። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ስንገባ ነቁና አፈሩ። 'ልጄ፣ ምነው ሳትቀሰቅሽኝ?' አሉ። 'ደክሞዎት ነበር' አልኳቸው። አዩኝ፣ አዩኝና፣ 'እንዲህ የሚቆይልሽ ሰው ይስጥሽ' አሉኝ።"

የወንበሯ ድምፅ ይሰማል።

"በሳምንቱ እዚያው መናኸሪያ አንተ መጣህ። ልርዳሽ ብለህ ሻንጣዬን ነጠቅከኝ፤ ስትጣደፍ ሌላ አውቶቡስ ላይ ጫንከው። ሻንጣዬ ደሴ ተመለሰ፤ እኔ አንተ ጋ ቀረሁ። የሽማግሌው ምርቃት አልያዘልኝም እያልኩ ስንት ዓመት ሆዴ ቂም ይዟል መሰለህ። አሁን ሳስበው ግን… ትቸኩላለህ እንጂ ሄደህ አታውቅም። 'ቆይ አንዴ' ብለህ ትነሣለህ፤ ትመለሳለህ። ወሬዬ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው የምትመለሰው። ግን ትመለሳለህ።"

ከዚህ ሁሉ በኋላ ድምፅዋ ደከመ። "በቃ፣ ይኸው ነው" አለች። "ነገ ይወስዱታል። እስከ መጨረሻው ከሰማኸኝ፣ የመጀመሪያ ጊዜህ ነው፤ እንኳን ደስ ያለህ።"

አለቀ። ቁልፉ እንደተያዘ ስለሆነ ፋይሉ ተመልሶ ከመጀመሪያው ጀመረ። ዝምታው መጣ። አሥር ሰዓት ከሠላሳ ሁለት ሆኗል። አሥራ አንድ እስኪሆን አልለቅም አልኩ።

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አልኳቸው ለሁለቱ። ላስቃቸው ነበር። አልሳቁም።

ሁለተኛውን ጊዜ ስሰማ ቃሉን ሁሉ ልይዘው ሞከርኩ። አምሳለ በአንድ ቅጽ ጀርባ ላይ በእርሳስ እየተከተለች ጻፈችልኝ፤ ወረቀቱ አሁንም አለኝ። ግን ሳቁ አይጻፍም። አውራ ጣቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አሥራ አንድ ዓመት መነሣት እንጂ መቆየት አላስተማርኩትም። ክንዴ እስከ ትከሻዬ ደነዘዘ።

"ጋሽ ያፌት፣ ጣቴን ልተካልዎት?" አለች አምሳለ። "ከጎን አስገብቼ አብሬ እጫነዋለሁ፤ ከዚያ ያርፋሉ።"

"አይሆንም።"

"ትንሽ ይረፉ እንጂ።"

"ተይኝ፣ እኔው ልያዛት" አልኳት። ያን እልኸኛነቴን ዛሬም እረግመዋለሁ።

"እንኳን ደስ ያለህ" አለች ኤፍራታ ለሁለተኛ ጊዜ። አሥር ሰዓት ከሃምሳ አራት ነው። ስድስት ደቂቃ ቀረኝ። ሃያውን ሰከንድ ዝምታ አልፌ፣ "እሺ… እሺ" ስትል፣ ሽማግሌው እስኪቀመጡ ድረስ እንኳ እሰማለሁ ብዬ ቆጠርኩ። ፋይሉ እንደገና ጀመረ። ዝም አለ። ወንበሩ አንዴ ሲጥ አለ። ትንፋሿ ተሰማኝ።

በሦስተኛው ሰከንድ ጣቴ ተነሣች።

አላነሣኋትም። ማንም ቢጠይቀኝ እንዲህ ነው የምለው፣ አላነሣኋትም። ራሷ ተነሣች። ዝም ያለ ፋይል ነበር፤ ሦስት ሰከንድ ሆነ፤ ተነሣች። አንድ ሺህ ጊዜ አይደለም፣ አንድ ሚሊዮን ጊዜ አይደለም፤ ከዚያ በላይ እንዲያ አድርጋለች።

ቀጣዩ ፋይል መጣ። የሱቅ ዝርዝር ፎቶ ነው፤ በኤፍራታ እጅ የተጻፈ። ሽንኩርት፣ ሳሙና፣ ለያፌት ካልሲ። ጣቴ መልሳ ልትጫን ስትሄድ ግራ እጄ ያዛት። እዚያው እጄን በእጄ ይዤ ተቀመጥኩ። ተዋበች "ሰዓት ደርሷል" አላለችም፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የማሽኑ መብራት ራሱ ጠፍቶ ነገረን። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት አይለቀምም።

ከዚያ ወዲህ አያያዙ እንዲነሣ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። አራት ጊዜ አስገባሁ። አንድ መልስ መጥቶልኛል፤ አያያዙ በሥራ ላይ በመሆኑ በርካታ ሊትር ውሃ ለኅብረተሰቡ መድረሱን ገልጸው አመስግነውኛል። በእኛ ቅርንጫፍ ግን ተዋበች በራሷ ኃላፊነት ነባሩን መለሰችው። ቁጥራችን ወደቀ። አዲሶቹ ቃኚዎች "እርግጠኛ ነዎት?" ሲላቸው ይሳደባሉ፤ ማን እንዳመጣባቸው ስለሚያውቁ እኔን ሲያዩ ዝም ይላሉ። ባሕር ዳር ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። ቪዲዮውንም አየሁት፤ ሦስት ሰዓት ነው። ይመኙሻል አጠገቤ ተቀምጣ እጄን እንደያዘች ነበር፤ ለምን እንደያዘችኝ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሣጥኗ ቤት መስኮቱ ላይ ናት። አርባዋ ሞልታለች። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት የኔዋን እከፍታለሁ፤ አሥራ አራት ሰከንድ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሰማሁት የመጀመሪያውን ሦስት ሰከንድ ብቻ ነበር፤ ሙሉውን የሰማሁት ቤት ነው። "ያፌት! ውሃ መጣ! ኧረ ያፌት!" ትላለች። ባልዲው ይንኳኳል። ሦስት ጊዜ ትጠራኛለች። መጨረሻዋ ሰከንድ ላይ፣ ከሩቅ፣ ከሳሎን ውስጥ፣ የአንድ ሰው ድምፅ ይመልስላታል።

"ቆይ አንዴ" ይላል።